«ይሠራል» ወይስ «እየሠራ ነው»? የእንግሊዝኛን የአሁን ጊዜ በአማርኛ በኩል መማር

እዚህ አገር ያደግን ልጆች እንግሊዝኛን የተማርነው በዕብራይስጥ በኩል ነው። መምህሯ ደንቡን በዕብራይስጥ ታስረዳለች፤ መዝገበ ቃላቱ ከእንግሊዝኛ ወደ ዕብራይስጥ ነው፤ በደብተራችን ዳር የምንጽፈው ትርጉምም ዕብራይስጥ ነው። ቤት ስንገባ የምንሰማው አማርኛ ለዚህ ትምህርት ይጠቅማል ብሎ የነገረን ሰው አልነበረም። እኛ ግን ይጠቅማል እንላለን። በእንግሊዝኛ የአሁን ጊዜ ላይ ዕብራይስጥ ዝም በሚልባቸው ቦታዎች አማርኛ ይናገራል። አንዳንድ ቦታ ላይ ደግሞ አማርኛው ራሱ ያሳስታል፤ እሱንም እናያለን።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር እናስቀድም። የእንግሊዝኛውንም የዕብራይስጡንም ምሳሌ ሁሉ በፊደል ጽፈነዋል። ይህን ያደረግነው መጽሔቱን ቤት ውስጥ አባትና እናትም ስለሚያነቡት ነው፤ ለዚህ ትምህርት ደግሞ እነሱ ያስፈልጉናል። ፊደል ድምፁን እንጂ የእንግሊዝኛውን ስፔሊንግ አያሳይም፤ ስፔሊንጉን ከመጽሐፋችሁ ተመልከቱ።

ጉዳዩ የሰዋስው ፍቅር ብቻ አይደለም። በሳይኮሜትሪ የእንግሊዝኛ ክፍልም ሆነ በአሚርኔት ነጥቡ ከ50 እስከ 150 ነው። 134 ያገኘ «ፕቶር» ነው፤ ከዚያ በታች ያገኘ እንደ ደረጃው የእንግሊዝኛ ኮርስ ይወስዳል። ኮርስ ማለት ጊዜ ነው፣ ገንዘብም ነው። ቀን እየሠራ ማታ ለሚያጠና፣ ከቤተሰቡ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ለገባ ልጅ አንድ ሴሚስተር ቀላል አይደለም። በፈተናው ላይ «ይህን ግሥ እርባ» የሚል ጥያቄ አይመጣም። የሚመጣው ባዶ ቦታ መሙላት፣ አንድን ዓረፍተ ነገር በሌላ አነጋገር የሚደግመውን መምረጥ፣ አንብቦ መረዳት ነው። አራቱ ምርጫዎች ሁሉ ትክክል በሚመስሉበት ጊዜ የሚለያቸው ብዙ ጊዜ አንዲት «ኢዝ» ወይም አንዲት «ሃዝ» ናት።

ከዕብራይስጡ እንጀምር። ዕብራይስጥ ለአሁን ጊዜ፣ እነሱ «ሆቬ» ለሚሉት፣ አንድ መልክ ብቻ ነው ያለው። «አኒ ሎሜድ» ያለ ተማሪ «እማራለሁ» ማለቱም ሊሆን ይችላል፣ «እየተማርኩ ነው» ማለቱም። ልዩነቱን የሚያሳየው ከጎኑ ያለው ቃል ነው፤ «አሁን» ወይም «በየቀኑ» የሚል። እንግሊዝኛ ግን ሁለቱን ለያይቶ ነው የሚያስቀምጠው፤ «አይ ስተዲ» እና «አይ አም ስተዲይንግ»። በዕብራይስጥ የሚያስብ ልጅ ለምን ሁለት እንዳስፈለገ አይገባውም፤ ስለዚህ የደንብ ዝርዝር በቃሉ ይሸመድዳል፤ ፈተና ላይ ደግሞ ይጠፋበታል። አማርኛ ለሚሰማ ልጅ ግን ነገሩ የቆየ ነው። አንዲት እናት «ልጄ ይማራል» ስትልና «ልጄ እየተማረ ነው፣ አትረብሹት» ስትል ማንም አያምታታውም። የመጀመሪያው «ማይ ሳን ስተዲስ» ነው፣ ሁለተኛው «ማይ ሳን ኢዝ ስተዲይንግ» ነው። በጥርጣሬ ጊዜ ዓረፍተ ነገሩን በልባችሁ በአማርኛ በሉት፤ «እየ…ነው» ከወጣ «ኢንግ» ያለበትን ምረጡ። ሁልጊዜ ባይሆንም አብዛኛውን ጊዜ ያስኬዳል።

ሌላም አለ። ዕብራይስጥ በአሁን ጊዜ «ነኝ፣ ነህ፣ ነው» የሚል ቃል የለውም። «አኒ ስቱደንት» ይበቃል። ብዙ የእስራኤል ተማሪዎች «አይ ስቱደንት» ወይም «አይ ስተዲይንግ» እያሉ «አም» የምትለዋን የሚጥሏት ለዚህ ነው። አማርኛ «ተማሪ ነኝ» ይላል፤ «ነኝ» የምትለዋ ቃል ከሌለች ጆሮ ይቆረቁራል። እንግሊዝኛ ስትጽፉ ያንን ጆሮ ተጠቀሙበት፤ «አይ አም ኤ ስቱደንት»።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም መገለባበጥ አለ። በአማርኛ «እያነበብኩ ነው፣ እያነበብሽ ነው፣ እያነበቡ ነው» ስንል ግሡ ይለዋወጣል፣ «ነው» ግን ቆሞ ይቀራል። በእንግሊዝኛ ደግሞ «ሪዲንግ» ቆሞ ይቀራል፣ የሚለዋወጠው «ነው» ነው፤ «አይ አም ሪዲንግ፣ ሺ ኢዝ ሪዲንግ፣ ዜይ አር ሪዲንግ»። ስለዚህ ከአማርኛ ሐሳቡን እንውሰድ እንጂ ቅርጹን አንገልብጥ።

ተራው የአሁን ጊዜ፣ «ፕረዘንት ሲምፕል» የሚባለው፣ ለልማድ፣ ለቋሚ ነገርና ለጊዜ ሰሌዳ ነው። ከፔታህ ቲክቫ እስከ ባት ያም የሚሄደው ቀዩ ቀላል ባቡር ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ሰው ያመላልሳል፤ በሻባት ግን አይሠራም። ይህ ደንብ ነውና «ዘ ሬድ ላይን ዳዝ ኖት ረን ኦን ሻባት» ይባላል። አንድ ጠዋት ጣቢያ ደርሳችሁ ባቡሩ በብልሽት ቆሞ ብታገኙት ደግሞ ለጓደኛችሁ የምትጽፉት «ዘ ሬድ ላይን ኢዝ ኖት ረኒንግ ዚስ ሞርኒንግ» ነው። ሁለቱንም «ባቡሩ አይሠራም» ብለን ልንተረጉም እንችላለን፤ ግን አንዱ ሕግ ነው፣ ሌላው የዛሬ ችግር። ሲግድም እንዲሁ። ሲግድ ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን ይውላል፤ በየዓመቱ ስለሆነ «ሲግድ ፎልዝ ፊፍቲ ዴይስ አፍተር ዮም ኪፑር» እንላለን እንጂ «ኢዝ ፎሊንግ» አንልም።

ስለ «ስ» ብዙ አንልም፤ ሁላችሁም ከትንሽነታችሁ ሰምታችኋታል። አማርኛ ለእያንዳንዱ ሰው ግሡን ይለውጣል፤ እሠራለሁ፣ ትሠራለህ፣ ትሠሪያለሽ፣ ይሠራል። እንግሊዝኛ ይህን ሁሉ ጥሎ ለእሱና ለእሷ ብቻ አንዲት «ስ» አስቀረ። ድምፁ አንዳንዴ «ስ» ነው፣ «ወርክስ»፤ አንዳንዴ «ዝ» ነው፣ «ሊቭዝ»፤ አንዳንዴ «ኢዝ» ነው፣ «ቲቺዝ»። «ዳዝ» ሲመጣ ደግሞ «ስ»ዋን ከግሡ ላይ ይወስዳታል፤ «ሺ ዳዝ ኖት ወርክ» እንጂ «ወርክስ» አይሆንም።

አሁን ቆም ልንልበት ወደምንፈልገው ነገር ደረስን። እኛ የምንማረው ሶሻል ወርክ ነው። በዚህ ሙያ ስለ ሰው መጻፍ የዕለት ሥራ ነው፤ አንድ ሠራተኛ ስለ አንድ ቤተሰብ የጻፈው ገጽ ከእሱ በኋላ በሚመጣው ሠራተኛም ይነበባል። በዕብራይስጥ «ሁ ሎ ኦቬድ» ተብሎ ተጻፈ እንበል። ይህ በአማርኛ «አይሠራም» ነው ወይስ «ለጊዜው እየሠራ አይደለም»? ብዙዎቻችን በልጅነታችን የቤተሰባችን አስተርጓሚዎች ስለነበርን ይህን ጥያቄ ከሰዋስው መጽሐፍ በፊት ነው የምናውቀው። «አይሠራም» የተባለ አባት ሰነፍ ሆኖ ይሰማል። «እየሠራ አይደለም» የተባለ አባት ግን ምክንያት ያለው ሰው ነው፤ ጀርባውን ታሞ ይሆናል፣ ፋብሪካው ተዘግቶበት ይሆናል፤ ነገ ተመልሶ ሊሠራ ይችላል። ዕብራይስጡ ጥያቄውን ሳይመልስ ያልፋል። እንግሊዝኛ ግን ማለፍ አይፈቅድም፤ «ሂ ዳዝ ኖት ወርክ» ወይም «ሂ ኢዝ ኖት ወርኪንግ አት ዘ ሞመንት» ብሎ መምረጥ ግድ ነው። የመጀመሪያው ስድብ ነው አንልም፤ ግን ነገሩን ቋሚ ያስመስለዋል።

ይኸው ነገር ስለ ማኅበረሰባችን በእንግሊዝኛ የሚጻፉ ጥናቶችን ስናነብ ይመጣል። «ያንግ ፒፕል ፍሮም ዘ ኮምዩኒቲ ድሮፕ አውት ኦፍ ስኩል» የሚል ዓረፍተ ነገር ብናገኝ «የማኅበረሰቡ ወጣቶች ትምህርት ያቋርጣሉ» ማለት ነው፤ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች እንደማለት። «አር ድሮፒንግ አውት» ቢል ኖሮ አሁን እየሆነ ያለ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ነገር ይሆን ነበር። «ሃቭ ድሮፕድ አውት» ቢል ደግሞ እስከ አሁን ያቋረጡትን ብቻ ይቆጥር ነበር፤ ነገ ስለሚሆነው ምንም አይልም። ጸሐፊው የትኛውን እንደመረጠ አስምራችሁ አንብቡ። ቋሚውን መልክ ስታዩ «ከመቼ ጀምሮ? የት? ስንቱ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሴሚናር ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንሳት ከእንግሊዝኛው ነጥብ በላይ ያስከብራል፤ ይህ የእኛ አስተያየት ነው።

በዚያው በጥናት ጽሑፍ ላይ እያለን፣ ለንባብ የሚረዳ አንድ ልማድ አለ። ጽሑፉ ራሱ የሚያደርገውን በተራው የአሁን ጊዜ ይናገራል፤ «ዚስ ስተዲ ኤግዛሚንስ»፣ ይህ ጥናት ይመረምራል። ሌሎች ከዚህ በፊት ያገኙትን አብዛኛውን ጊዜ በ«ሃቭ» ይናገራል፤ «ሪሰርቸርስ ሃቭ ፋውንድ»። ሰዎቹን ያነጋገሩበትን፣ መጠይቅ የሞሉበትን ደግሞ ባለፈ ጊዜ ይጽፋል። ግሡን ብቻ አይታችሁ የትኛው የጸሐፊው ሐሳብ፣ የትኛው የሌላ ሰው፣ የትኛው የተሠራው ሥራ እንደሆነ መለየት ትችላላችሁ። አንድ ረጅም ጽሑፍ በአውቶቡስ ላይ ለሚያነብ ሰው ይህ ትልቅ ቁጠባ ነው።

«ኢንግ» የማይወዱ ግሦችም አሉ፤ ማወቅ፣ መፈለግ፣ ማመን፣ መያዝ የመሳሰሉት። መምህራን ዝርዝሩን ያስሸመድዳሉ። አማርኛ ግን አንድ ጥሩ ምሳሌ አለው። «ቤት እፈልጋለሁ» እና «ቤት እየፈለግኩ ነው» አንድ ግሥ ነው፤ ትርጉሙ ግን ሁለት ነው። የመጀመሪያው የልብ ፍላጎት ነው፤ «አይ ዋንት ኤ ፍላት»። ሁለተኛው እግር የሚያደክም ሥራ ነው፤ ፔታህ ቲክቫ ውስጥ ኪራይ የፈለገ ያውቀዋል፤ «አይ አም ሉኪንግ ፎር ኤ ፍላት»። የልብ ፍላጎቱ «ኢንግ» አይወስድም፣ ሥራው ይወስዳል። «ገንዘብ አለኝ» ላይም «እየ» መጨመር አይቻልም፤ እንግሊዝኛም «አይ ሃቭ መኒ» እንጂ «አይ አም ሃቪንግ መኒ» አይልም። «ምሳ እየበላሁ ነው» ሲሆን ግን «አይ አም ሃቪንግ ላንች» ይሆናል፤ እዚህ ላይ «ሃቭ» መብላት እንጂ መያዝ አይደለምና።

ሦስተኛው መልክ፣ «ፕረዘንት ፐርፌክት»፣ ስሙ ውስጥ «ፕረዘንት» ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። ያለፈውን ከአሁን ጋር ያስራል። ብዙ ቤተሰቦቻችን በዘመቻ ሰሎሞን ነው የመጡት። ግንቦት 24 እና 25 ቀን 1991 በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ገባ። ወላጆቻችን «በ83 ነው የመጣነው» የሚሉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ፎርም ስትሞሉላቸው አደራ፣ 1983 ብላችሁ እንዳታስቀሩት። የመጡበት ቀን አልፏልና «ዜይ ኬም ኢን 1991» ይባላል። መኖራቸው ግን አላለፈም። ዕብራይስጥ እዚህም በተራው የአሁን ጊዜ ይናገራል፣ «ይኖራሉ» እንደማለት፤ አማርኛም «ከ1991 ጀምሮ እዚህ ይኖራሉ» ይላል። ስለዚህ ሁለቱም ቋንቋዎቻችን «ዜይ ሊቭ ሂር ሲንስ 1991» ወደሚል ስሕተት ይገፉናል። ትክክሉ «ዜይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ሲንስ 1991» ነው።

«ሃቭ»ን መጣል ደግሞ አደጋ አለው። አንድ የውጭ አገር ሰው ስለ አያታችሁ ቢጠይቃችሁና «ሺ ሊቭድ ኢን ፔታህ ቲክቫ ፎር ተርቲ ዪርስ» ብትሉት «ኖራ ነበር፣ አሁን የለችም» ብሎ ይረዳል፤ ምናልባትም ነፍስ ይማር ይላችኋል። «ሺ ሃዝ ሊቭድ» ስትሉ ግን አያታችሁ አሁንም ቡናቸውን እየጠጡ ነው። ስለ ጎንደር ስትናገሩ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ያ ኑሮ ተዘግቷልና «ሺ ሊቭድ ኢን ጎንደር» ትክክል ነው። «ሲንስ» እና «ፎር» የሚያምታታቸው ካላችሁ አማርኛ ቀለል ያደርገዋል፤ «ከ…ጀምሮ» ያላችሁት «ሲንስ» ነው፣ «ለ30 ዓመት» ያላችሁት «ፎር» ነው። በዚያው መሥመር ላይ «አይ ሃቭ ቢን ዌይቲንግ ፎር አን አወር» የሚለው አለ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ እየጠበቅኩ ነው ማለት ነው፣ መጠበቁም አላበቃም። እሱ ከገባችሁ ሌላው ይከተላል።

አማርኛ በ«ሃቭ» ላይ ሌላም እርዳታ አለው። ዕብራይስጥ ለ«አየሁ» እና ለ«አይቻለሁ» አንድ ቃል ነው ያለው፣ «ራኢቲ»። አማርኛ ሁለቱን ይለያል፤ «አይቻለሁ» ማለት «አይ ሃቭ ሲን» ነው። የቀበሌና የቤተሰብ ወሬ ላይ እንኳ «አይተኸው ታውቃለህ?» ስንል «ሃቭ ዩ ኤቨር ሲን ሂም?» ማለታችን ነው።

ግን እዚሁ ላይ አማርኛ ሦስት ወጥመድ ያኖራል። አንደኛው፣ አማርኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ይፈቅዳል፤ እንግሊዝኛ አይፈቅድም። «የስተርዴይ» ካለ «ሃቭ» ይወጣል፤ «አይ ሶ ሂም የስተርዴይ»። ሁለተኛው የከፋ ነው። «ልጁ ተኝቷል» ስንል ልጁ አሁን እንቅልፍ ላይ ነው። ቃል በቃል «ሂ ሃዝ ስሌፕት» ብንለው ግን እንግሊዛዊው ተኝቶ እንደተነሳ ነው የሚረዳው፤ ትክክሉ «ሂ ኢዝ ስሊፒንግ» ነው። «ተቀምጣለች» «ሺ ኢዝ ሲቲንግ» ነው፤ «ነጭ ቀሚስ ለብሳለች» «ሺ ኢዝ ዌሪንግ ኤ ዋይት ድሬስ» ነው። «ደክሞኛል» እና «ርቦኛል» ደግሞ ግሥነታቸውን ጥለው «አይ አም ታየርድ»፣ «አይ አም ሃንግሪ» ይሆናሉ። «ገብቶኛል» «አይ አንደርስታንድ»፣ «ወድጄዋለሁ» «አይ ላይክ ኢት»። ምክንያቱ አንድ ነው። አማርኛ ሰውየው ወደዚያ ሁኔታ የገባበትን ቅጽበት ይናገራል፤ ተኛ፣ ተቀመጠ፣ ለበሰ፣ ገባው፤ ሁኔታው እስከ አሁን እንዳለ ደግሞ ሰሚው ያውቃል። እንግሊዝኛ የሚናገረው ሁኔታውን ራሱን ነው። ስለዚህ «…ቷል» ወይም «…ላለች» ስትሉ ቆም ብላችሁ ጠይቁ፤ ነገሩ ተፈጽሞ ያለቀ ነው ወይስ ሰውየው አሁንም እዚያው ሁኔታ ውስጥ ነው? «ደብዳቤውን ጽፏል» ተፈጽሞ ያለቀ ነውና «ሂ ሃዝ ሪተን ዘ ሌተር» ይሆናል። «ቆሟል» ግን አሁንም ቆሞ ነው።

ሦስተኛው የነገ ጉዳይ ነው። «ነገ እሄዳለሁ» ውስጥ ያለው «እሄዳለሁ» በየቀኑ ከምንለው «እሄዳለሁ» ጋር አንድ ነው። እንግሊዝኛ ግን ለነገ ዕቅድ «አይ ጎ ቱሞሮ» አይልም። ቀጠሮ ከያዛችሁ «አይ አም ጎይንግ ቱሞሮ»፣ አሁን ከወሰናችሁ «አይ ዊል ጎ»። የባቡርና የአውሮፕላን ሰሌዳ ብቻ ነው በተራው መልክ የሚቀረው።

ለልምምድ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በቅርብ ዓመታት ከጎንደር የመጡ ዘመዶች ካሏችሁ ጠይቋቸው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ እዚያ የተማሩት የ«ቴንስ» ስሞችን ከእኛ አብልጠው በቃላቸው ይዘውታል። ዕብራይስጥ ያስቸገረው የአጎት ልጅ በዚህ መምህር ሲሆን ማየት ለእሱም ደስ ይለዋል። ሌላው መንገድ ቤት ውስጥ የምትሰሙትን አምስት ዓረፍተ ነገር በቀን መዝግባችሁ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ነው።

ከቡና ዙሪያ ጥቂት እንሞክር፤ መልሱን በእጃችሁ ሸፍናችሁ። «አያቴ በየጠዋቱ ቡና ታፈላለች።» ልማድ ነው፤ «ማይ ግራንድማዘር ሜክስ ኮፊ ኤቭሪ ሞርኒንግ»። «አያቴ ቡና እያፈላች ነው።» አሁን ነው፤ «ማይ ግራንድማዘር ኢዝ ሜኪንግ ኮፊ»። «ከጠዋት ጀምሮ ቡና አልጠጣችም።» ከጠዋት እስከ አሁን ነው፤ «ሺ ሃዝ ኖት ሃድ ኮፊ ሲንስ ዘ ሞርኒንግ»። «ቡናው ፈልቷል፣ ኑ!» እዚህ ወጥመድ አለ፤ ሁኔታ ነውና «ዘ ኮፊ ኢዝ ረዲ፣ ካም!» ይሆናል። ከሌላው ክፍል የምንመልሰው «መጣን፣ መጣን!» ደግሞ ገና ከወንበራችን ሳንነሳ ባለፈ ጊዜ የምንናገረው ነው፤ በእንግሊዝኛ «ዊ ኬም» ብትሉ ማንም አይጠብቃችሁም፣ «ዊ አር ካሚንግ» ነው።